ካሴት የሌለው የካሴት ጌም

[ስክሪኑ ላይ፦ ሰማያዊ ጥሩር የለበሰ ትንሽ ሰው አካፋ ይዞ ቆሟል]

እስቲ ይህን ምስል ልብ ብላችሁ እዩት። ፒክስሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሙዚቃውም የድሮ ነው። አንድ ሰው «ይሄ የ1980ዎቹ ጌም ነው» ብሎ ቢወራረድ አይፈረድበትም። ግን ገንዘቡን ያጣል። «ሾቭል ናይት»፣ ማለትም «ባለ አካፋው ጦረኛ»፣ የወጣው በ2014 ነው። ዛሬ የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

የሠሩት «ያት ክለብ ጌምስ» የሚባሉ ጥቂት አሜሪካውያን ናቸው። በ2013 ኪክስታርተር በሚባለው፣ ሕዝብ ገና ላልተሠራ ነገር ገንዘብ በሚያዋጣበት ድረ ገጽ ላይ ወጥተው 75 ሺህ ዶላር ለመኑ። ሕዝቡ ከ311 ሺህ በላይ ሰጣቸው። እነሱም በደስታ ብዙ ቃል ገቡ። ያንን ሁሉ ቃል ጨርሰው እስኪያወጡ ታኅሣሥ 2019 ደረሰ። አፍ ሲሞቅ እንዲህ ነው።

[ናይቱ ጥንዚዛ ላይ ይነጥራል]

ጌሙ ቀላል ነው። ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ፣ መዝለል፣ መምታት። ናይቱ ግን ሰይፍ የለውም። ያለው አካፋ ነው። ይቆፍርበታል፣ ይመታበታል፣ ደግሞ ይነጥርበታል። አየር ላይ እያለ የታችኛውን ቁልፍ ስትጫኑ አካፋውን ከእግሩ ሥር ይደግንና ጠላት ራስ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል። በ1989 የወጣውን «ዳክ ቴልስ» የሚባል ጌም የሚያውቅ ሰው ይቺን ነገር ወዲያው ይለያታል። እዚያ ሽማግሌው ዳክዬ በከዘራው ነበር የሚነጥረው።

ደስ የሚለኝ አስተማሪ አለመኖሩ ነው። የመጀመሪያው ሌቭል ላይ አረፋ የሚተፋ ትልቅ ዘንዶ ይገጥማችኋል። ራሱ ከፍ ያለ ነው። «እንዲህ አድርጉ» የሚል ጽሑፍ የለም። አረፋው ብቻ እየተንሳፈፈ ይመጣል። መጀመሪያ ትሸሹታላችሁ። ቀጥሎ በስህተት ትነጥሩበታላችሁ። ሦስተኛው ላይ አረፋውን እንደ ደረጃ ረግጣችሁ ዘንዶው አናት ላይ ናችሁ። ተማራችሁ ማለት ነው፣ ያውም ሳይታወቃችሁ።

[ሁለት ስክሪን ጎን ለጎን፦ ግራው ላይ ምስሎቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ]

አሁን ወደ ማታለሉ እንምጣ። ካሴት እፍ እያላችሁ ያደጋችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ ጠላት ሲበዛ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ካሴቱ ቆሽሾ አልነበረም። የ1980ዎቹ የኒንቴንዶ ጌም ማሽን በአንዱ የስክሪን መስመር ላይ ከ8 በላይ ተንቀሳቃሽ ቁራጭ ምስል መሳል አይችልም። ዘጠነኛው ይቀራል። ጌም ሠሪዎቹ ያው አንዱ ለዘለዓለም እንዳይጠፋ ተራ ያስገቧቸው ነበር፤ በአንዱ ቅጽበት ይሄ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ያኛው። ብልጭታው የሚመጣው ከዚህ ነው።

«ሾቭል ናይት» ላይ ይሄ የለም። ስክሪኑ በጠላት ቢሞላም ማንም አይጠፋም። የድሮው ምስል ወርዱ 256 ፒክስል ነበር፤ ይሄኛው የዛሬውን ሰፊ ቲቪ እንዲሞላ 400 ነው። ከኋላ ያሉት ተራሮችና ደመናዎች እየተደራረቡ በየራሳቸው ፍጥነት ይሄዳሉ። ቀለሙ ከድሮው ማሽን የተወሰደ ነው፣ ግን ጥቂት ጨምረውበታል። ይህን ሁሉ ከፕሮግራመሮቹ አንዱ የሆነው ዴቪድ ዲአንጄሎ ሳይደብቅ ጽፎታል። እኔ እንደገባኝ የኮረጁት ማሽኑን ሳይሆን ትዝታችንን ነው። ብልጭታውን ማን ይናፍቃል?

ሙዚቃው ላይ ግን ጥብቅ ናቸው። ጄክ ካውፍማን ዜማዎቹን የጻፈው ያ ማሽን ሊያወጣ በሚችለው ድምፅ ነው። በእርግጥ ኮናሚ የሚባለው የጌም ኩባንያ በጃፓን ካሴቶቹ ውስጥ ይከተው የነበረውን፣ ሦስት ተጨማሪ ድምፅ የሚሰጠውን ቺፕ ደርቦበታል። ሁለቱን ዜማ ደግሞ በ1987 የመጀመሪያውን የ«ሜጋ ማን» ጌም ሙዚቃ የሠራችው ማናሚ ማትሱማዬ ሰጠቻቸው።

[የሚያበራ የብርጭቆ ኳስ፤ ናይቱ አካፋውን ያነሳል]

እኔን የገደለኝ ግን ይሄ ኳስ ነው። ድሮ ሦስት ነፍስ ይሰጣችኋል፤ ካለቀ ከዜሮ። እዚህ ነፍስ አይቆጠርም። ስትሞቱ ከወርቃችሁ የተወሰነው ክንፍ ባላቸው ከረጢቶች ሆኖ የሞታችሁበት ቦታ ላይ ይንሳፈፋል። ተመልሳችሁ ካገኛችሁት የእናንተ ነው። ሳታነሱት ድጋሚ ከሞታችሁ ቻው። ኳሱ ደግሞ ከሞት በኋላ የምትነሱበት ቦታ ነው፣ ግን ውስጡ ወርቅ አለ። ሰብራችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ከሰበራችሁት እዚያ መነሳት የለም።

እኔ ሰባሪ ነኝ። አንድ ቀን ሌቭሉ ሙሉ ያሉትን ኳሶች አድቅቄ፣ ቦሱ፣ የሌቭሉ ዋና ጠላት፣ በር ላይ ደርሼ፣ ቀላሏን ዝላይ ሳትኩና ገደል ገባሁ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የሚያናድደው ጌሙን መስደብ አለመቻሌ ነው። ማን ስበር አለኝ?

[ጨለማ፤ ትንሽ እሳት]

አንድ ነገር ላሳያችሁና ልተዋችሁ። ናይቱ ሺልድ ናይት የምትባል የትግል ጓደኛ ነበረችው፤ አጥቷታል። አንዳንዴ ሌቭል ሲያልቅ እሳት ዳር ይተኛና ያልማል። በሕልሙ ከሰማይ እየወደቀች ነው። እናንተ ከጠላት ጋር ትታገላላችሁ፣ እሷ እየቀረበች ትመጣለች። መጨረሻ ላይ ሁሉም ነገር ይዘገያል። ሮጣችሁ ከሥሯ ለመድረስ ትሞክራላችሁ። ንግግር የለም፤ ያው ትንንሽ ካሬ ፒክስሎች ናቸው።

ከዚያ ይነቃል። እሳቱ ይነዳል፣ እሱ ብቻውን ነው። አካፋውን ያነሳና ይሄዳል።