የመጀመሪያ ካሜራ፦ ለሌንሱ ገንዘብ አስቀሩለት

በዚህ ሳምንት ስልካችን የተጨናነቀው በአንድ ጉዳይ ነው። ብዙ ገንዘብ የሌለው ጀማሪ የትኛውን ካሜራ ይግዛ? ሰዓቱ አልበቃ ብሎኝ አንዳንዱን መልስ በአየር ላይ በችኮላ አልፌዋለሁ። እዚህ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ።

«ለወራት ስቆጥብ ቆይቼ ሁለት ካሜራ መረጥኩ። አንዱ አዲስ ነው፤ 24 ሜጋፒክሰል፣ ከኪት ሌንሱ (አብሮት ከሚሸጠው ሌንስ) ጋር። ሌላው ያገለገለ ነው፤ 18 ሜጋፒክሰል፣ ግን 50 ሚሊሜትር ሌንስ አብሮት አለ። ዋጋቸው እኩል ነው። የማነሳው ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቤት ውስጥ። ጓደኞቼ አዲሱን ውሰድ ይሉኛል።»

ጓደኞችህ ይቅር ይበሉኝና ያገለገለውን ውሰድ።

መጀመሪያ ሜጋፒክሰሉን፣ ማለትም የፎቶውን ነጥቦች ብዛት በሚሊዮን፣ እንገላገለው። 24 ሜጋፒክሰል ማለት በወርዱ 6000 ነጥብ፣ በቁመቱ 4000 ነጥብ ነው። 18ቱ ደግሞ 5184 በ3456 ነው። በወርድ የሚለያዩት 816 ነጥብ ብቻ ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት ጥርት አድርጎ ለማተም 9 ሜጋፒክሰል እንኳ አይሞላም የሚያስፈልገው። ማንም ሰው ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አይቶ «ይሄኛው 24 ነው» አይልህም።

ሌንሱ ላይ ግን ልዩነቱ ሌላ ነው። ኪት ሌንሱ 18-55 ከሆነ፣ ወደ 55 ስታቀርበው ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትልህም። የ50ው ሌንስ ኤፍ 1.8 ድረስ ይከፈታል። (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ መጀመሪያ ግራ ያጋባል፣ ትለምደዋለህ።) ሲሰላ የ50ው ወደ አስር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አምፖል ብቻ ያለበት ሳሎን ውስጥ ሆነህ አስበው። በኪት ሌንሱ 1/20 ሰከንድ የሚጠይቅህ ፎቶ በ50ው 1/200 ገደማ ላይ ይነሳል። በ1/20 ሰውየው ራሱን ትንሽ ካዞረ ፊቱ ይደበዝዛል። በ1/200 ሲስቅም ሲያወራም ትይዘዋለህ።

ሁለት ነገር ግን ልንገርህ። ኤፍ 1.8 ላይ ቀርበህ ስታነሳ አይኑ ጥርት ብሎ ጆሮው ይጠፋል። ስለዚህ ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው አትክፈተው፤ 2.8 ላይ ብታደርገው ይሻላል። ሁለተኛ፣ የጀማሪ ካሜራ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) አነስ ስለሚል 50ው እንደ 75 ወይም 80 ሚሊሜትር ያቀርባል። ለአንድ ሰው ፎቶ ግሩም ነው። አምስት ሰው በጠባብ ክፍል ውስጥ አነሳለሁ ካልክ ግን ጀርባህ ግድግዳ ነክቶም አይበቃህም። ሻጩ ኪት ሌንስም ካለው በትንሽ ጭማሪ እንዲሰጥህ ለምነው። ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ብዙ ጊዜ ሻጩ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል።

«ስልኬ 108 ሜጋፒክሰል ነው ይላል። ታዲያ 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ ምን ይጨምርልኛል?»

እህቴ፣ እንዲህ ያሉ ብዙ ስልኮች ዘጠኝ ዘጠኙን ነጥብ አንድ ላይ አዋህደው በመጨረሻ የሚሰጡሽ 12 ሜጋፒክሰል ፎቶ ነው። ዋናው ጉዳይ ግን የሴንሰሩ ስፋት ነው። የስልክ ሴንሰር ከትንሽ ጣትሽ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። የጀማሪ ካሜራ ሴንሰር ወደ 23 በ15 ሚሊሜትር ነው። ሰፊ ሳህን ብዙ ዝናብ ይይዛል አይደል? እንደዚያ በይው።

ለቀን ብርሃን ግን ስልክሽ ይበቃል። በእውነት። ካሜራ የሚያስፈልግሽ ስልኩ እንቢ ያለሽ ቀን ነው፦ ደብዘዝ ባለ ክፍል የሚሮጥ ልጅ፣ ከሩቅ የሚታይ መድረክ። እንዲህ ያለ ቀን ካላጋጠመሽ ገንዘብሽን ያዢ።

«ለልጄ ያገለገለ ካሜራ ልገዛላት ነው። እኔ ስለ ካሜራ የማውቀው ነገር የለም። እንዳልሸወድ ምን ልይ?»

አባቴ፣ ከሁሉም ጥያቄ የወደድኩት የእርስዎን ነው፤ እኔም ተሸውጄ አውቃለሁና። በመጀመሪያው ሌንሴ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ነበር። አቧራ መስሎኝ ውጩን ሳምንት ሙሉ ስወለውል ሰነበትኩ። ለካ ሻጋታ ነው፤ መስታወቱ ውስጥ የበቀለ! ሳይጠረግ ቀረ።

ስለዚህ ሲሄዱ ሁለት ነገር ይያዙ፤ የራስዎን ሜሞሪ ካርድና ባትሪ መብራት። የስልክ መብራትም ይሆናል። ሌንሱን አስፈትተው በአንድ በኩል ያብሩበት፣ በሌላው በኩል ይመልከቱ። ጥቂት አቧራ ቢያዩ ምንም አይደል። ድር ወይም ጉም የመሰለ ነገር ካዩ ሌንሱን ይተዉት።

ቀጥሎ ሌንሱ ይገጠምና ቀዳዳው ኤፍ 16 ላይ ይደረግ። ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ሁለት ሦስት ጊዜ ያንሱ። ፎቶዎቹን አጉልተው ሲያዩ ጥቁር ነጥቦች ሁሉም ላይ አንድ ቦታ ከተገኙ ሴንሰሩ ቆሽሿል። ይጸዳል፤ አይደንግጡ፣ ግን ዋጋ ያስቀንሱበት። ከዚያ ቅርብ ያለ ነገር፣ ወዲያው ደግሞ ሩቅ ያለ ነገር ላይ ያነጣጥሩ። ሌንሱ ሲዞር አሸዋ የገባበት ይመስል የሚንቋቋ ከሆነ ደግ አይደለም። ባትሪውን ያውጡት። በቀላሉ የማይወጣ ከሆነ አብጧል ማለት ሊሆን ይችላል።

ስንት ፎቶ እንዳነሳም ይጠይቁ። የጀማሪ ካሜራ ሹተር (ለእያንዳንዱ ፎቶ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) በብዛት ለ100,000 ፎቶ ያህል ተብሎ ነው የሚሠራው። ኒኮን ላይ ቁጥሩ ፎቶው ፋይል ውስጥ ተጽፎ ስለሚቀመጥ ልጅዎ ኮምፒውተር ላይ ልታየው ትችላለች። ካኖን ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። 30,000 ያነሳ ካሜራ ገና ጎረምሳ ነው።

ካርድዎን እንዳያስገቡ የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመዎት «ደህና ይዋሉ» ብለው ይሂዱ።

«ዲኤስኤልአር ይሻላል ወይስ ሚረርለስ?»

ዲኤስኤልአር በውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ ነው፤ ሚረርለስ መስታወት የለውም። ገንዘቡ ጠበብ ካለ ዲኤስኤልአር። አምራቾቹ ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ ስላዞሩ ብዙ ሰው ደህና ደህናውን ዲኤስኤልአር እየሸጠ ነው። ባትሪውም ጉድ ነው። የኒኮን ዲ3500 በአንድ ቻርጅ እስከ 1,550 ፎቶ ተብሎ ተመዝግቦለታል፤ በ2014 የወጣው ሶኒ ኤ6000 ደግሞ 360 ገደማ። ሚረርለስ ግን ቀላል ነው፤ ፎቶው ሊጨልም ወይም ሊነጣ ከሆነ ሳትጫን በፊት በስክሪኑ ያሳይሃል፤ ይህ ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው። ቪዲዮ የምትወድ ከሆነ ጨምረህም ቢሆን እሱን ግዛ።

«ኒኮን ዲ3300 አለኝ። በርካሽ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ገዛሁ፤ ፎከስ አላደርግ አለኝ። ተበላሽቶ ነው?»

አልተበላሸም፣ አልተጣጣሙም። የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ቤተሰብ ካሜራዎች ሌንስ የሚያዞር ሞተር በውስጣቸው የላቸውም። ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ መኖር አለበት፤ ስሙ ላይ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ፈልጊ። ያንቺው በመጨረሻው «ዲ» የሚል ይመስለኛል። ሻጩ ከቀየረልሽ ቀይሪ። ካልቀየረልሽ በእጅሽ አዙሪው። ፎከሱ ሲገባ በማያው ቀዳዳ ታች ጥግ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ይበራል።

«ቦርሳ፣ ትራይፖድ፣ ፊልተር ሁሉንም ልግዛ?»

አትግዛ። ሁለተኛ ባትሪና ሁለት 32 ጊጋባይት ካርድ ይበቃሃል። አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ሌላውን ስትቸገር ትገዛዋለህ።

«ካሜራ ገዛሁ፤ ፎቶዬ ሁሉ ድብዝዝ ይላል። ልመልሰው?»

ቆይ፣ አትቸኩል። አንዱን ፎቶ አጉልተህ እየው። ለምሳሌ ልጅ አንስተህ ከጀርባ ያለው ግድግዳ ጥርት ብሎ ልጁ ብቻ ከደበዘዘ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ልጁ የተጎተተ ከመሰለ ሹተሩ ዘግይቷል፤ የተጎተተ ካልመሰለ ፎከሱ ግድግዳው ላይ አርፏል። ሁሉም አንድ ላይ ከተጎተተ እጅህ ነው የተንቀጠቀጠው። መዞሪያውን «ኤስ» ላይ አድርገው፤ ካኖን ላይ «ቲቪ» ይላል። 1/250 ሙላ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶ አድርገህ እስከ 3200 ፍቀድለት። ፎቶው ትንሽ አሸዋ አሸዋ ቢልም ግድ የለም።

ይህን ሁሉ ከማድረግህ በፊት ግን የሌንሱን ፊት በለስላሳ ጨርቅ ጥረገው። ባለፈው ደውላ እንዲሁ ያማረረች አድማጭ ነበረች። የእሷ ችግር የጣት አሻራ ሆኖ ተገኘ።