ዲከረንስን ምን ነካው?

[ምስል፦ ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ፤ ዳሩን ይዞ የተደረደረ ከሰል]

ተራኪ፦
ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር የሄደ ሰው አዲስ ቅዳም አካባቢ በማዳበሪያ ታጭቆ መኪና የሚጠብቅ ከሰል ሳያይ አያልፍም። አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ከሚፈላበት ከሰል ጥቂት የማይባለው የሚመጣው ከዚሁ ከአዊ ዞን፣ ከፋግታ ለኮማና ከአጎራባች ወረዳዎች ነው። የሚከስለው ዛፍ ሙሉ ስሙ አካሲያ ዲከረንስ ነው፤ ገበሬው «ዲከረንስ» ብሎ ይጠራዋል።

አገሩ አውስትራሊያ ነው። ዝናብ የማይጠፋበትና አፈሩ አሲዳማ የሆነው የአዊ ደጋ ግን ተመቸው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ ጤፉን አጭዶ ያስገባል። በቀጣዩ ዓመት ከዛፉ ሥር የበቀለውን ሣር ለከብት ያጭዳል። አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ይቆርጠውና እዚያው ማሳው ላይ ያከስለዋል፤ ከዚያም እንደገና ጤፍ፣ እንደገና ችግኝ። የዛፉ ሥር ከአየር ናይትሮጅን ስለሚይዝ መሬቱም ያገግማል። እውነቱን ለመናገር፣ ለአነስተኛ ገበሬ ከዚህ የተሻለ ስሌት ማምጣት ይከብዳል። ቀበሌው ሁሉ ፊቱን ወደ ዲከረንስ ማዞሩም የሚገርም አልነበረም።

ከዚያ በሽታው ገባ።

[ምስል፦ የዲከረንስ ቅርንጫፍ በቅርበት፤ ጣት ቅጠሉን ሲነካ]

እስቲ ይህን ቅርንጫፍ ተመልከቱ። ለጋው ጫፍ ተጨማዷል። ላባ በመሰለው ቅጠል ላይ ቡናማ እብጠቶች ወጥተዋል። ስትነኩት ጣታችሁ ላይ ቡናማ ዱቄት ይቀራል፤ ዝናብና ጉም በሰነበተበት ወቅት ደግሞ ዱቄቱ ዝልግልግ ይሆናል። ግንዱ ሙጫ ያነባል። ቅጠሉ ረግፎ ዛፉ ይቀጭጫል፤ ለጋ ከሆነ ይደርቃል።

ይህ ዋግ ነው። ስንዴ የሚዘራ ሰው ዋግን ያውቀዋል፤ የዲከረንሱ ግን ዝርያው ሌላ ነው። ዩሮሚክላዲየም አካሲዬ የሚባል ፈንገስ ሲሆን የመጣውም ከዛፉ አገር፣ ከአውስትራሊያ ነው። በደቡብ አፍሪካ የዲከረንስ የቅርብ ዘመድ በሆነው የግራር ዓይነት ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 በድንገት ተነሥቶ ሰፋፊ ተክሎችን አጥቅቷል። ብናኙን ነፋስ ይወስደዋል፤ በልብስ፣ በመኪና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በችግኝ ይጓዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከሩቅ የመጣ ዛፍ በአዲሱ አገር ቶሎ የሚያድገው አንድም ጠላቶቹን ትቶ ስለመጣ ነው። ጠላት ግን መንገድ አያጣም፤ ዘግይቶ ይደርሳል። ሲደርስ ደግሞ ዕድሜው እኩል የሆነ አንድ ዓይነት ዛፍ ከኮረብታ እስከ ኮረብታ ተደርድሮ ካገኘ የሚያቆመው የለም። ለዚህ ነው ጥፋቱ ሁሉ የበሽታው ነው ለማለት የምቸገረው፤ አተካከላችንም ድርሻ አለው።

[ምስል፦ ውስጡ የቀላ የፈረንጅ ጽድ]

የፈረንጅ ጽድም እንዲሁ ሆኗል። የጽድ ክሽክሽ የምትባለው ነፍሳት እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ውስጥ ታየች፤ በ1990 ኬንያ ነበረች፤ ከዚያም ወደ እኛ ዘለቀች። ቀንበጡ ላይ ተሰብስባ ፈሳሹን ትመጥጣለች። ምራቋ ለዛፉ መርዝ ስለሆነ ቀንበጡ ቢጫ ይሆናል፣ ይቀላል፣ ይሞታል። የሐበሻ ጽድንም አትምርም።

ቀይ ባሕር ዛፍን ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም የማትበልጥ ተርብ ታጠቃዋለች። ቅጠሉ መሐል ባለው ዋና ጅማትና በቅጠሉ ዘንግ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ቦታው ያብጣል፤ ችግኝ ከሆነ እድገቱ ይቆማል። የአውስትራሊያ ተወላጅ ብትሆንም መጀመሪያ ጎልታ የታወቀችው ሌላ ቦታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 እስራኤል ውስጥ። ለመራባት ወንድ አያስፈልጋትም፤ አንዲት ሴት ተርብ ብቻዋን ትውልድ ትጀምራለች።

ለነፍሳት ግን መላ ተገኝቶላቸዋል። የእስራኤል ተመራማሪዎች አውስትራሊያ ሄደው የዚህችን ተርብ እጭ የሚበሉ ሌሎች ጥቃቅን ተርቦች አምጥተው ለቀቁ። ለጽድ ክሽክሽም እንደዚሁ ከአውሮፓ የመጣች ጥገኛ ተርብ እ.ኤ.አ. በ1994 ማላዊ ላይ ተለቃለች። ጠላትን በጠላቱ ማለት ነው።

[ምስል፦ ችግኝ ጣቢያ፤ በፕላስቲክ የተደረደሩ ችግኞች]

ለዋግ ግን የሚለቀቅ ተርብ የለም። የደቡብ አፍሪካ ኩባንያዎች ፀረ ፈንገስ ይረጫሉ። አንድ ገመድ መሬት ያለው የአዊ ገበሬ ከራሱ ቁመት በላይ የሆነ ዛፍ በምኑ ይረጫል? ለከሰል የሚሸጥ ዛፍ የመድኃኒቱን ዋጋስ ይመልሳል? አይመስለኝም።

ስለዚህ ሥራው ያለው ችግኝ ጣቢያ ነው። ቡናማ ነጥብ ያለበትን ችግኝ ነቅሎ ማቃጠል፣ በሽታ ካለበት ወረዳ ችግኝ አለማምጣት፣ ማሳውን ሙሉ በሙሉ ለዲከረንስ ከመስጠት ሌላ ዛፍ ማቀላቀል። ይህ በገንዘብም በጉልበትም የሚቻል ነው። ከባዱ ርካሽ ችግኝ በገበያ ላይ ቀርቦ «ይቅርብኝ» ማለቱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በተለይ አዊ ለምትኖሩ። ዙሪያው ሁሉ ደርቆ መሐሉ ላይ ለምልሞ የቀረ ዲከረንስ ካያችሁ ለከሰል አትቁረጡት። በአጋጣሚ ያመለጠ ሊሆን ይችላል፤ በሽታውን የሚቋቋም ዘር ያለው ሊሆንም ይችላል። ግንዱ ላይ ምልክት አድርጉና ለወረዳው ግብርና ባለሙያ አሳዩት፤ ፍሬውም ሲደርስ ለብቻው ይለቀም።