ግማሹ ውስጥ ቀረ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ጠረጴዛዬ ላይ ግን አንድ ነገር አለ። ስሙት። ቀጭ... ቀጭ... የተሰበረ ሴንሰር ነው። የአውራ ጣቴን አንጓ ቢያክል ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።

መኪናዋ የአጎቴ ናት። አሮጌ ኮሮላ። ለሁለት ሳምንት አውሰውኝ ዓባይን ተሻግሬ ደብረ ማርቆስ ይዣት መጣሁ። የማርቆስን የጠዋት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሞተሩ በግድ ይነሳል። ከተነሳም በኋላ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ቤንዚን እንደ ውኃ ይጠጣል።

መካኒክ አይደለሁም። ግን ገመትኩ። የውኃ ሙቀት ሴንሰር የሚባል አለ። ለሞተሩ ኮምፒውተር "ሞቀናል፣ ቤንዚን ቀንስ" የሚለው እሱ ነው። ሲበላሽ ሞተሩ ሁልጊዜ ብርድ ላይ ያለ ይመስለዋል። እሳት ዳር ተቀምጦም ጋቢውን እንደማያወልቅ ሰው። የኤሌክትሪክ መለኪያ በሆነው በመልቲሜትር ለካሁት። ደህናው ሴንሰር ቀዝቀዝ ሲል ከ2 እስከ 3 ሺህ ኦም ያሳያል፤ 80 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 300 ገደማ ይወርዳል። የኔው ሞቀም በረደም ያው ነው። ግምቴ ልክ ነበር። ጉድ የሠራኝም ይሄው ነው። በሽታውን ስላወቅሁ መድኃኒቱም የሚከብደኝ አልመሰለኝም።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ ሴንሰሩን ልፈታ የብሎን መፍቻ ቁልፉን አስገባሁ። እንቢ አለ። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ቀጠልኩበት። አሁንም እንቢ። በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩበት። ድንገት ላላ። ደስታዬን ብታዩት! ችግሩ የዛገ ነገር ሲፈታ እየተንቋቋ ነው የሚለቀው። ይሄ እንደ ቅቤ ሄደ። ጭንቅላቱ ቁልፉ ውስጥ ቀረ፤ ጥርሱ ያለበት ግማሽ የሞተሩ አሉሚኒየም ውስጥ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። እኔ የምለቅመው እንኳ አልነበረኝም።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ለማንም አልተናገርኩም። ጭንቅላቱን መልሼ ቦታው ላይ አስቀመጥኩት። ሶኬቱን ሰካሁበት። ኮፈኑን ዘጋሁ። ቤት ገብቼ እጄን ታጠብኩ። ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ እመኑኝ፣ መኪናዋ ደህና ነበረች።

ከዚያ አላስቻለኝም። ሰፈራችን ወዳሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄድኩ። "ጋሼ፣ አንዴ ይዩልኝ" አልኳቸው። ኮፈኑን ከፍተው ሶኬቱን ነካ ሲያደርጉት ጭንቅላቱ አብሮ መጣ። እሱን አዩ፣ እኔን አዩ። "ይሄን ማን ነው እንዲህ ያሳመረው?" አሉ። ዝም አልኩ። አልተቆጡም። "እንኳን አልቦረቦርከው" ብቻ አሉ።

ድሪል ያመጣሉ ብዬ ነበር። አላመጡም። ፑንታው ትንሽ ከሳተ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞት ይሄዳል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ ወደ ግራ ሲዞር የሚነክስ ማውጫም አላቸው። ግን እሱ ራሱ ውስጥ ከተሰበረ ብረቱ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ተራ ፑንታ አይበሳውም። "አንድ ችግር ይዘህ መጥተህ ሁለት ይዘህ አትሄድም" አሉኝ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ ጠብ አደረጉበት። በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያሉ ኮ፣ ኮ፣ ኮ። ከዚያ እጃቸውን ጠረጉ። "ነገ ና።"

ነገ! እኔ እኮ መኪና ይዤ መመለስ ነበር የፈለግኩት።

በማግሥቱ ያገኘኋቸው ማንቆርቆሪያ ይዘው ነው። ከጎረቤት ሻይ ቤት የተዋሱት። የፈላውን ውኃ አሉሚኒየሙ ላይ ቀስ አድርገው አፈሰሱት። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለዚህ ሥራ ግን በቂ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ሴንሰሩ ከተሠራበት ናስ የበለጠ ይሰፋል፣ ስለዚህ ይዞታውን ትንሽ ያላላል። ከዚያ አሮጌ ሞረድ አወጡ። እጀታው የወለቀ። እጀታው ውስጥ የሚገባው ሹል ጭራ ባለ አራት ማዕዘን ነው አይደል? እሱን የሴንሰሩ ክፍት ሆድ ውስጥ በመዶሻ ሰኩት። ናስ ለስላሳ ስለሆነ ማዕዘኖቹ ነከሱት። ሞረዱን በቁልፍ ያዙና ትንሽ ወደ ግራ፣ መልሰው ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ዘይት፣ ደግሞ ወደ ግራ። "ሲጢጥ" አለ። ጋሼ ፈገግ አሉ። እኔ ትንፋሼን ውጬ ነበር።

አዲሱን እኔ እንዳስገባው ፈቀዱልኝ። መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ በቁልፍ። እንዲህ ዓይነቱ ሴንሰር የሚታሰረው በ20 ኒውተን ሜትር አካባቢ የማዞሪያ ኃይል ነው። ግማሽ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 4 ኪሎ እንደ መጫን። እኔ ቧንቧው ላይ በስንት ኪሎ እንደተንጠለጠልኩ አልነግራችሁም።

ዛሬ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ጭስ የለም።

አጎቴ ይሄን ፖድካስት ይሰማሉ። አጎቴ፣ በስልክ መናገር ከብዶኝ ነው፤ እንግዲህ ነገሩ ይሄው ነው። እሁድ መኪናዋን ይዤልዎት እመጣለሁ። ስብርባሪውንም አልጣልኩትም።