ተሻለኝ ብሎ መድኃኒት ማቆም

ጤና ይስጥልኝ። ኤምኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ) ከተባለው የአንጎልና የነርቭ በሽታ ጋር የምትኖሩ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ አስታማሚ ቤተሰቦች፣ የሕክምና ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

«ዶክተር፣ አንድ ዐይኔ ጨልሞብኝ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ተመለሰ። ድኛለሁ ማለት ነው?» ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። መልሱን ለማግኘት ማይሊንን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንጎላችን ውስጥ መልእክት የሚሄደው በቀጫጭን የነርቭ ክሮች ነው። ብዙዎቹ ክሮች ስብ የበዛበት ሽፋን አላቸው። ማይሊን የሚባለው እሱ ነው። ሽፋኑን የሚሠራው ሴል ኦሊጎዴንድሮሳይት ይባላል። ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ እ.ኤ.አ. በ1921 ለይቶ ያሳየን ሴል ነው። ሥራው ይደንቃል። ክንዱን ይዘረጋና ክሩን ይነካል። ጫፉን ያሰፋና ዙሪያውን ይጠቀለላል። አዲሱ ዙር ሁልጊዜ ከነበሩት ሥር፣ ከክሩ ጋር ተጣብቆ ነው የሚገባው። ከዚያ በዙሮቹ መካከል ያለው ፈሳሽ ይወጣና ሽፋኑ ጥቅጥቅ ይላል። አንድ ሴል እስከ 50 የሚደርሱ ቁራጭ ሽፋኖችን ሊሠራ ይችላል።

በቁራጮቹ መካከል ትንንሽ ክፍተቶች አሉ። መልእክቱ ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ ይከንፋል። ሽፋን የሌለው ክር በሴኮንድ 1 ሜትር ገደማ ያስኬደዋል። በሰውነታችን ያሉት ሽፋን ያላቸው ፈጣኖቹ ክሮች ደግሞ 100 ሜትር ያህል።

ብዙ ሰው ማይሊንን ከኤሌክትሪክ ገመድ ፕላስቲክ ጋር ያመሳስለዋል። ፕላስቲክ ግን ሽቦውን አይመግብም። ማይሊን የሚሠራው ሴል ክሩን ይመግባል። ስለዚህ ሽፋኑ ሲጠፋ ክሩም ይጎዳል።

በኤምኤስ ጊዜ እኛን መጠበቅ የነበረባቸው የበሽታ ተከላካይ ሴሎች አንጎል ውስጥ ገብተው ማይሊንን ያጠቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የአሜሪካ ወታደሮች ጥናት ኤፕስቲን ባር የተባለው ቫይረስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። ቫይረሱ አብዛኛውን ሰው ይይዛል፤ የሚታመሙት ግን ጥቂቶች ናቸው። እባካችሁ፣ እርግማን ነው የሚላችሁን አትስሙ።

ታዲያ ዐይኑ እንዴት ተመለሰ? መጀመሪያ እብጠቱ ይቀንሳል። ከዚያ አንጎል ውስጥ ተጠባባቂ የሆኑ ያልበሰሉ ሴሎች ወደ ተራቆተው ክር ይሄዳሉ፤ ይበስላሉ፤ እንደገና ይጠቀልላሉ። አዲሱ ሽፋን ከቀድሞው የሳሳና ያጠረ ነው። ቢሆንም ይሠራል።

ይህን በምርመራ ማየት ይቻላል። ታካሚው ጥቁርና ነጭ ካሬዎች የሚቀያየሩበት ስክሪን ፊት ይቀመጣል። ከራስ ቅሉ ጀርባ ሽቦ ይለጠፋል። በጤነኛ ሰው ከዐይን የተነሳው መልእክት በ100 ሚሊሴኮንድ ገደማ አንጎል ይደርሳል። ዐይኑ ታሞ በዳነ ሰው ግን፣ በደንብ እያየም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ሙቅ ሻወር ስትወስዱ ዐይናችሁ የሚደበዝዘውም ለዚህ ነው፤ ሽፋኑ የተጎዳ ክር ሙቀት አይችልም።

ስለዚህ ተሻላችሁ እንጂ በሽታው አልሄደም። ጥገናው በዕድሜ እየደከመ ይመጣል፤ አንጎል ውስጥ የሞተ ክር ደግሞ አይተካም። ዛሬ በእጃችን ያሉት መድኃኒቶች ዋና ሥራቸው ጥቃቱን መከላከል ነው። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ። መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ። እርግዝና ካሰባችሁ ወይም መድኃኒቱ ካልተስማማችሁ ከማቆማችሁ በፊት ንገሩን፤ እንነጋገርበታለን።

ጥገናውን የሚያግዝ መድኃኒት ፍለጋው ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2017 ክሌማስቲን የተባለ የቆየ የአለርጂ መድኃኒት በ50 ታካሚዎች ተሞክሮ የዐይን ነርቭ መልእክትን በትንሹ አፍጥኗል። ለውጡ ከ2 ሚሊሴኮንድ በታች ነው። እኔን ግን በጣም አስደስቶኛል፤ የተጎዳ ነርቭን በመድኃኒት ማገዝ እንደሚቻል ፍንጭ ሰጥቷልና። ከፋርማሲ ገዝታችሁ ራሳችሁ ላይ እንዳትሞክሩት ግን አደራ።

ቤተሰቦች ሆይ፣ ልጃችሁ ደህና መስላ «ደከመኝ» ስትላችሁ እመኗት። ድካሙ እውነተኛ ነው።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።