ነርሲንግ ወይስ ፋርማሲ፦ አንድ ያበጠ እግር፣ ሁለት ወንበር

ሀና፦ «ደም ማየት ስለማልወድ ፋርማሲ ይሻለኛል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ከዚህ እንጀምር?

ዮናስ፦ እንጀምር። ደም ይለመዳል። ደግሞ ክሊኒካል ፋርማሲስትም ከሐኪሞቹ ጋር ዎርድ ይዞራል፣ ከታካሚው አያመልጥም። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ በሽታውን ራስህ ፈልገህ ማግኘት ነው የምትወደው ወይስ በሽታው ከታወቀ በኋላ መድኃኒቱን በልኩ ማድረግ?

ሀና፦ በአንድ ታካሚ እንየው። የ80 ዓመት እናት ናቸው፣ 50 ኪሎ፣ ግራ እግራቸው አብጦ ነርስ ፕራክቲሽነሯ ዘንድ መጡ።

ዮናስ፦ የታዘዘውን መድኃኒት ብቻ የምትሰጠዋ ነርስ አይደለችም፤ ይሄ ይለይ። ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ራሷ መርምራ፣ በሽታውን ለይታ መድኃኒት ታዛለች።

ሀና፦ ልክ ነው። ሜትር ታወጣለች። ከጉልበት በታች ከፊት ካለው የአጥንት ጉብታ 10 ሴንቲ ሜትር ወርዳ ሁለቱንም ባት ትለካለች። ግራው 34፣ ቀኙ 30 ከሆነ ልዩነቱ 4 ነው፤ ከ3 ስላለፈ፣ እግር ውስጥ ደም የመርጋቱን ዕድል በነጥብ በሚገምተው በዌልስ መመዘኛ 1 ነጥብ ትይዛለች። ግን የደም መርጋቱን ያህል የሚያሳምን ሌላ ምክንያት ካገኘች 2 ነጥብ ትቀንሳለች። ስለዚህ ቆዳው ቀልቷል ወይ? ትኩሳት አለ? በቅርቡ አልጋ ላይ ውለዋል? ምን ምን ይወስዳሉ?

ዮናስ፦ የደም ግፊት መድኃኒቱን አምሎዲፒንን እዚህ ጋ ላንሳው። እግር ያሳብጣል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ነው። አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ በመድኃኒቱ አሳብቦ ወደ ቤት መሸኘት ያስጠይቃል።

ሀና፦ የሥራው ክብደት እዚያ ላይ ነው። መረጃው ሳይሟላ፣ ታካሚዋ ፊቷ ተቀምጠው መወሰን አለባት። ሁሉም ነገር ካልተረጋገጠ እጁ የማይሄድለት ሰው እዚህ ወንበር ላይ ይጨነቃል።

ዮናስ፦ አሁን ወደ እኔ ወንበር እንምጣ። አልትራሳውንዱ የረጋ ደም አሳየ። ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው መርፌ ኤኖክሳፓሪን በኪሎ 1 ሚሊግራም ታዘዘ፤ 50 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ። ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ ክሬቲኒናቸው፣ 1.2 ነው፤ ወረቀቱ ላይ ሲያዩት ብዙም አያስደነግጥም። ፋርማሲስቱ ግን ኩላሊታቸው ምን ያህል እንደሚያጣራ፣ ማለትም የክሬቲኒን ክሊራንሱን፣ በቀመር ያሰላል፤ 140 እና 72 የቀመሩ ቋሚ ቁጥሮች ናቸው። ከ140 ላይ ዕድሜውን ሲቀንስ 60፤ በ50 ኪሎ ሲያባዛ 3000። ያንን 72 በ1.2 ተባዝቶ ለሚገኘው ለ86.4 ሲያካፍል 34.7፤ ሴት ስለሆኑ በ0.85 ሲያባዛ 29.5 ሚሊ ሊትር በደቂቃ።

ሀና፦ ከ30 በታች ወረደ።

ዮናስ፦ ወረደ። ከ30 በታች ከሆነ ያው 50 ሚሊግራም በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው። ካልተስተካከለ፣ በኩላሊት የሚወጣው መድኃኒት ይጠራቀምና ደም ይፈሳል። 29.5 ጠርዝ ላይ ስለሆነ ሄሞግሎቢኑንና ደም የሚያረጋውን ፕላትሌትም ያያል፣ ደም መፍሰሱን የሚያባብሰውን የሕመም ማስታገሻ አይቡፕሮፌን ለጉልበታቸው እየወሰዱ እንደሆነም ይጠይቃል። ስሌቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከባዱ ስልኩ ነው።

ሀና፦ ምን ብሎ ነው የሚደውለው?

ዮናስ፦ «ዶዙ ተሳስቷል» ካለ ጠብ ነው። «አልጋ 6 ላይ ያሉት እናት የክሬቲኒን ክሊራንሳቸው 29.5 ነው፤ ኤኖክሳፓሪኑን በቀን አንዴ ብናደርገው?» ካለ ያልቃል። ማን፣ ምን ተገኘ፣ ምን ይደረግ። ያዘዘውን ሰው ደውሎ መሞገት የሚከብደው ሰው ኬሚስትሪ ቢወድም ይቸገራል።

ሀና፦ ወደ ትምህርቱ እንለፍ። ነርስ ፕራክቲሽነር ለመሆን መጀመሪያ ነርስ መሆን ያስፈልጋል፤ ከዚያ ማስተርስ። የነርሶች ዓለም አቀፍ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው ማስተርስ እንዲሆን ይመክራል። ፋርማሲው በብዙ አገር 5 ወይም 6 ዓመት ነው።

ዮናስ፦ በድምሩ ብዙም አይራራቁም። እኔ የማየው መሃሉን ነው። ነርሷ ከመጀመሪያ ዲግሪዋ በኋላ ብታቆም ሙያ አላት፤ እየሠራች መቀጠልም ትችላለች። ፋርማሲን ሦስተኛ ዓመት ላይ የተወ ሰው ግን ፋርማሲስት ሆኖ መሥራት አይችልም። ገንዘቡ የሚያሳስበው ሰው ይሄን ከደመወዙ አስቀድሞ ያስላ።

ሀና፦ ነርሲንጉም ወጥመድ አለው። ማስተርሱ ሲጀመር የሕፃናት፣ የቤተሰብ፣ የአእምሮ ጤና እየተባለ ዘርፍ ይመረጣል። የሕፃናትን የተማረች አዋቂ ላክም ብትል በብዙ ቦታ እንደገና ትምህርትና ፈቃድ ትጠየቃለች። ከመመዝገብ በፊት የፈቃድ ሰጪውን አካል ደንብ ማንበብ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በሚለው ብቻ አይታመን።

ዮናስ፦ ስለ መድኃኒት ቤቱም አንድ ነገር። ብዙ ሰው ፋርማሲን ጸጥ ያለ ሥራ ያደርገዋል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ፣ ስልክ እየጮኸ፣ ሰልፍ እያየው ነው ፋርማሲስቱ ሃይድራላዚንን ከሃይድሮክሲዚን የሚለየው። አንዱ የደም ግፊት ነው፣ ሌላው የማሳከክ። መደርደሪያ ላይ በፊደል ተራ ከተቀመጡ ጎረቤት ናቸው።

ሀና፦ ለመሞከር ታዲያ?

ዮናስ፦ ፈቃድ ጠይቆ ሁለቱም ጋ አንዳንድ ሙሉ ፈረቃ መዋል። ለጠዋት ሁለት ሰዓት ብቻ አይሂዱ፤ መጨረሻዎቹ ሦስት ሰዓቶች ላይ ይቆዩ። የደከመው ነርስና የደከመው ፋርማሲስት በምን እንደሚማረሩ ያዳምጡ።

ሀና፦ ከሁለቱ ምሬቶች የትኛውን እንደሚችሉት ያኔ ይታወቃል።