ኮዱን ያነበበው ማን ነው?
በሶፍትዌር አበልጻጊዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር፣ ሐዋሳ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣችሁ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። ከአዲስ አበባ፣ ከዲላ፣ ከሻሸመኔና ከወላይታ ሶዶ መንገድ አቆራርጣችሁ የተገኛችሁትን በተለይ አመሰግናለሁ።

የዘንድሮውን ርዕስ ለመምረጥ ኮሚቴው ብዙ አልተከራከረም። ሁለት ፕሮግራመር በተገናኘበት ሁሉ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ ከጻፈ እኛ ምን እንሠራለን? የእኔ መልስ አጭር ነው። ኮድ መጻፍ ረከሰ፤ ኮድ አንብቦ በስሙ መፈረም ግን ተወደደ። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ አይወጣም።

ነገሩ የመጣው በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። ኮድ በመጻፍ የሚያግዘው ጊትሃብ ኮፓይለት በሰኔ 2013 ዓ.ም. ለሙከራ ወጣ። ቻትጂፒቲ ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። ዛሬ ፋይል ራሳቸው ከፍተው፣ ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ኮድ) አስኪደው፣ ለውጡን ራሳቸው ኮሚት የሚያደርጉ፣ ማለትም በኮዱ ታሪክ ውስጥ የሚመዘግቡ መሣሪያዎች በየላፕቶፓችን አሉ። መሣሪያዎቹ ይጠቅማሉ፤ አትጠቀሙ የሚል ሰው ከዚህ መድረክ አይሰማም። የማናውቀውን ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) ሰነድ በአማርኛ ያስረዱናል፣ አሰልቺውን ፎርም በደቂቃ ያወጡልናል፣ የቆየ ኮድ ምን እንደሚሠራ ይተነትኑልናል።

የሚያሳስበኝ ስሕተታቸው መልኩን መቀየሩ ነው። ጀማሪ ሰው የጻፈው ደካማ ኮድ ከሩቅ ይታወቃል፤ የተለዋዋጮቹ ስም የተምታታ ነው፣ አንዱ ፈንክሽን 300 መስመር ይሆናል፣ ኮሜንቱ ግማሽ ላይ ይቀራል። ገምጋሚው ገና ሲያየው ይጠነቀቃል። ማሽኑ የሚጽፈው የተሳሳተ ኮድ ግን ስሙ የተስተካከለ፣ ኮሜንቱ የተሟላ፣ አሰላለፉ ንጹሕ ነው። ምክንያቱም ሞዴሉ፣ ማለትም ከመሣሪያው ጀርባ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ የሚሠራው ካለፈው ጽሑፍ ተነሥቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን በመገመት ነው፤ መልኩ ትክክል የሚመስለውን ያመጣል፣ ውስጡ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥለት ግን የለም። ለዓመታት በዓይን የለመድናቸው የአደጋ ምልክቶች አሁን አይሠሩም።

የከተማችንን ስም እንውሰድ። አንዱ ደንበኛ ሀዋሳ ብሎ ይመዘገባል፣ ሌላው ሐዋሳ፣ ከቆየ ሰነድ የተገለበጠው ደግሞ አዋሳ ይላል። ለእኛ አንድ ከተማ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ግን ሀ ቁጥሩ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 ነው፤ ለዳታቤዙ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ማሽኑን የስም መፈለጊያ ጻፍልኝ ብትሉት ጽሑፉን ወደ ትንንሽ ፊደል ይቀይራል፣ ዳርና ዳር ያለውን ክፍተት ይቆርጣል፣ ከዚያ ጨረስኩ ይላል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ የሠራው ሥራ ለላቲን ነው። ውጤቱም ሐኪም ቤት መዝገብ ክፍል ላይ ይታያል፤ ፀሐይ ብላ የተመዘገበች እናት ጸሀይ ተብላ ስትፈለግ አትገኝም፣ ሁለተኛ ካርድ ይወጣላታል፣ የቀድሞ ሕክምናዋ ታሪክ ከእጅ ይወጣል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ሰውየው የጻፈው ስም እንዳለ በአንድ ዓምድ ይቀመጣል፤ ማንም አይነካውም፣ መታወቂያና ደረሰኝ ላይ የሚወጣው እሱ ነው። በሁለተኛ ዓምድ ለፍለጋ ብቻ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተለውጠው ይገባሉ፤ ለሰባቱም ድምፅ። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ ሲነበቡ አንድ ስለሆኑ እነሱንም ማካተት ያስፈልጋል። አዋሳን ከሀዋሳ የሚያገናኘው ግን የፊደል ሰንጠረዡ አይደለም፤ የከተማ ስም ከዝርዝር እንዲመረጥ ማድረግ ይሻላል። ይህንን ማሽኑ በደንብ ይጽፍላችኋል፣ ነገር ግን እንዲጽፈው የሚያዝዘው ችግሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

የዘመን አቆጣጠራችንም ሌላው ወጥመድ ነው። ከአውሮፓውያኑ ዓመት 8 ቀንሶ የሚያልፍ ኮድ በየጊዜው ይመጣል። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ ቀጣዩ መስከረም 1 ደግሞ በሴፕቴምበር 12 ይውላል። 2015 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፣ 2019ም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የቀን መለወጫ የያዘ ማንኛውም ሥራ ጳጉሜን 5 እና 6 ቀን 2015፣ መስከረም 1 ቀን 2016፣ ታኅሣሥ 22 እና 23 በእጅ ተሰልተው ቴስቱ ውስጥ ካልገቡ አይፈረምበት። ሰዓትም አለ፤ እንግዳው ጀልባ ለጠዋቱ 2 ሰዓት ሲይዝ ሲስተሙ የሌሊቱን ስምንት ከመዘገበ፣ ኮዱ ምንም ኤረር አላሳየም ማለት ትርጉም የለውም።

ስልክ ቁጥርም ያው ነው። ሞዴሎቹ የተማሩት አብዛኛው የአገራችን ኮድ የቆየ ስለሆነ በ09 የማይጀምረውን ቁጥር ስሕተት ነው ብለው ሲከለክሉ ይታያሉ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ሲጀምር የመጡት በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች ከውጭ ይቀራሉ። አጭር መልእክት ስትልኩም በእንግሊዝኛ 160 ፊደል የሚይዘው በአማርኛ 70 ብቻ ነው፣ ሲቀጣጠል ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል 67። ባለ 71 ፊደል ማሳሰቢያ ለ10,000 ደንበኛ ሲላክ የ20,000 መልእክት ሂሳብ ይመጣል። በዚህ ክልል የምትሠሩ ደግሞ ሲዳሙ አፎ የክልሉ የሥራ ቋንቋ መሆኑንና በላቲን እንደሚጻፍ አትርሱ፤ አንዱ ሲስተም ሁለቱንም ፊደል መሸከም አለበት።

ገንዘብ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ጉዳቱ እዚያ ስለሚከፋ። የሞባይል ክፍያ ሲፈጸም የክፍያው ድርጅት ሰርቨር ወደ እኛ ሰርቨር ማሳወቂያ ይልካል። ኔትወርክ ተቆርጦ መልሳችን ካልደረሰው ያንኑ ማሳወቂያ ደግሞ ይልካል። ማሽኑ የሚጽፈው ተራ ኮድ ማሳወቂያው በመጣ ቁጥር ሂሳብ ላይ ይደምራል፤ 500 ብር የከፈለ ሰው 1,000 ይመዘገብለታል። ቢሮ ውስጥ፣ በጥሩ ኢንተርኔት ሲሞከር ግን ምንም አይታይም። ማስተካከያው የግብይት መለያ ቁጥሩን ዳታቤዙ ራሱ እንዳይደገም እንዲጠብቀው ማድረግ ነው፤ መጀመሪያ አለ ወይ ብሎ ጠይቆ ከዚያ መጻፍ አይበቃም፣ ሁለቱ ማሳወቂያዎች በአንድ ቅጽበት ከመጡ ሁለቱም የለም የሚል መልስ ያገኛሉ። ብሩም በሳንቲም ተለውጦ በሙሉ ቁጥር ይቀመጥ። ከዚያ ያንኑ ማሳወቂያ ሦስት ጊዜ አከታትላችሁ ላኩና ሂሳቡ አንዴ ብቻ መጨመሩን እዩ።

ቴስቱን ማን ይጻፈው? ኮዱንም ቴስቱንም አንድ ማሽን በአንድ ትእዛዝ ከጻፈ፣ ቴስቱ የኮዱን ስሕተት ትክክል ነው ብሎ ይመሰክራል። ማኅበራችን የሚመክረው ይህንን ነው፤ ማሽኑ ከመጠየቁ በፊት ሰውየው ቢያንስ አምስት ግብአትና የሚጠበቀውን ውጤት በራሱ እጅ ይጻፍ። ከአምስቱ ሁለቱ ኮዱ አልቀበልም ማለት ያለበት የተሳሳቱ ግብአቶች ይሁኑ።

ሌላው አደጋ የሌለ ፓኬጅ ነው። ሞዴሉ ስሙ ያማረ ላይብረሪ ይጠቅሳል፣ ላይብረሪው ግን የለም። ተንኮለኞች ይህን ስለሚያውቁ እንዲህ ያሉ ስሞችን ቀድመው አስመዝግበው ጎጂ ኮድ ያስቀምጡባቸዋል፤ ኢንስቶል ሲደረግ የሚሮጥ ስክሪፕት ስላለ ጉዳቱ ኮዱን ሳትጠቀሙበት ይጀምራል። የማታውቁት ስም ሲመጣ መቼ እንደተመዘገበ፣ ምን ያህል ሰው እንደሚያወርደው፣ የምንጭ ኮዱ የት እንዳለ እዩ። ሁለት ሳምንት ያልሞላው ከሆነ ተዉት።

እዚህ ላይ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. የተገለጠውን ኤክስዜድ የተባለውን የፋይል መጭመቂያ ጉዳይ ማንሳት አለብኝ። ጂያ ታን በሚል ስም የገባ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ እምነት እየገነባ ቆይቶ፣ ብዙ የሊነክስ ሲስተሞች በሚጠቀሙበት በዚህ መጭመቂያ ውስጥ፣ በ5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች፣ ስውር በር አስገባ። ያገኘው ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ አበልጻጊ አንድሬስ ፍሮይንድ ነው። ያገኘውም ወደ ሰርቨር መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበትና ለምን ብሎ ስለተከታተለ ነው። ግማሽ ሰከንድ! ይህ የትኩረት ልምድ ከሥራችን እንዳይጠፋ እፈራለሁ፤ ሁሉን ማሽኑ ሲያመጣው፣ ለምን ዘገየ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይቀንሳል።

ፍጥነትን በተመለከተም የሚሰማን ስሜት ያታልላል። ሜተር የተባለው የምርምር ድርጅት በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ 16 ልምድ ያላቸው አበልጻጊዎች በደንብ በሚያውቁት ፕሮጀክት ላይ 246 ሥራዎች ሲሠሩ፣ መሣሪያው በተፈቀደባቸው ሥራዎች 19 በመቶ ተጨማሪ ጊዜ ወሰዱ፤ እነሱ ግን 20 በመቶ የፈጠኑ መስሏቸው ነበር። ጥናቱ ስለ ሁሉም ሰውና ሁሉም ሥራ አይናገርም፣ መሣሪያዎቹም እየተሻሻሉ ነው። ግን ፈጠንኩ ከማለታችን በፊት ሰዓት እንያዝ።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ የጀማሪዎቻችን ነገር ነው። ጁኒየር ቀድሞ ያደገባቸው ትንንሽ ሥራዎች፣ ፎርም ማስተካከል፣ ሪፖርት ማውጣት፣ ቀላል ባግ (የኮድ ስሕተት) መፈለግ፣ ዛሬ ለማሽኑ የሚሰጡት ናቸው። ጁኒየር ካልቀጠርን ከአምስት ዓመት በኋላ ሲኒየር ከየት ይመጣል? አገሪቱ 5 ሚሊዮን ኮደሮችን ለማሠልጠን ተነሥታለች፤ ሠርተፊኬት ይዘው በራችን ላይ ሲቆሙ የምንሰጣቸው ሥራ ያስፈልጋል።

በአብነት ትምህርት ቤታችን ንባብ ከቅኔ ይቀድማል። ተማሪው መምህሩ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ተጥሎ የሚነበበውን ካነሣ፣ ተነሥቶ የሚነበበውን ከጣለ ወዲያው ይታረማል፤ ራሱ መቀኘት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሶፍትዌርን ስናስተምር ግን ከመጀመሪያው ቀን አጻጻፍ ነው የምናስተምረው፤ ሰው የጻፈውን ማንበብ ሥራ ሲገባ በራሱ ይልመደው ተብሎ ተትቷል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። አባል ድርጅቶች ጀማሪን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንዲህ ቢይዙት እንመክራለን፤ ሥራው ሲሰጠው 30 ደቂቃ በራሱ ይሞክር፣ ከዚያ ማሽኑን ይጠይቅ፣ የሁለቱን ልዩነት በሁለት መስመር ይጻፍ። ፑል ሪኩዌስቱ፣ ማለትም ለግምገማ የሚያቀርበው የኮድ ለውጥ፣ ከ200 መስመር አይብለጥ፤ ሲበልጥ የሚገመግመው ሰው ማንበቡን ትቶ ማሸብለል ይጀምራል። ገምጋሚው ከመካከል ሦስት መስመር መርጦ ይህ ለምን እዚህ ገባ ብሎ ይጠይቅ፤ ኤአይ ነው የጻፈው የሚል መልስ ከመጣ ኮዱ ይመለሳል። ይህ ደንብ ለሲኒየሩም ይሠራል፣ ለድርጅቱ ባለቤትም ይሠራል።

ስለ መረጃ ምስጢር በአጭሩ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የደንበኛን ዳታቤዝ ቀድቶ ባግ ፈልግልኝ ብሎ ውጭ ላለ ሞዴል መለጠፍ ያስጠይቃል። ስም፣ ስልክና የሂሳብ ቁጥር በፈጠራ መረጃ ይተኩ። የኤፒአይ ቁልፍ (ሲስተም ከሲስተም የሚገናኝበት የምስጢር ቁልፍ) በስሕተት ከወጣ ኮሚቱን ማጥፋት አይጠቅምም፣ ታሪኩ ውስጥ ይቀራል፤ መጀመሪያ ቁልፉን ሰርዛችሁ አዲስ አውጡ። ምስጢሩ ለሚከብድ ሥራና ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ቀን፣ ከ7 እስከ 8 ቢሊዮን መለኪያ (ፓራሜተር) ያላቸው ክፍት ሞዴሎች በ4 ቢት ተጨምቀው 5 ጊጋባይት አካባቢ ስለሚሆኑ 16 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ይሠራሉ። ዝግተኛ ናቸው፤ አማርኛቸውም ደካማ ነው፤ ለኮድ ማብራሪያ ግን ይበቃሉ።

ደንበኞቻችንም ተለውጠዋል። ኤአይ እየሠራልህ ለምን ይህን ያህል ትጠይቃለህ የሚለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ዋጋ በመቀነስ መፎካከር ከጀመርን ሁላችንም እንወድቃለን። ውሉ ላይ ግንባታው፣ ሙከራውና ቢያንስ የስድስት ወር ጥገናው ለየብቻ ዋጋ ይውጣላቸው፤ ግንባታው ይርከስ፣ ሙከራውና ጥገናው ግን የሚገባቸውን ያህል ይጠየቅባቸው። ደንበኛው ለምን ሲል የተደጋገመውን የክፍያ ማሳወቂያ አሳዩት፤ ነጋዴ ይህ ወዲያው ይገባዋል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ድሮ የከበደን ነገር ሲገጥመን ወንበር ስበን ጎረቤታችንን እንጠይቅ ነበር፤ ሁለታችንም እንማር ነበር። አሁን ጥያቄውም መልሱም በአንድ ሰው ስክሪን ላይ ቀርቶ ይዘጋል። ስለዚህ ኮሚቴው በየወሩ የጋራ የኮድ ንባብ እንዲኖር ወስኗል፤ የመጀመሪያውም ዛሬ ነው። ከሻይ በኋላ 180 መስመር ኮድ በስክሪን ይቀርባል። ማሽን የጻፈው ነው፣ ቴስቱን ሁሉ ያልፋል፣ ሦስት ስሕተትም አለበት። ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛችሁ ላይ ተቀምጧል። ጀማሪዎች ከፊት ተቀመጡ፤ መጀመሪያ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ፣ አንጋፋዎቹ ለ20 ደቂቃ ዝም ብለው ያዳምጣሉ።

ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።