የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የዘጌዋ ቢራቢሮ ስሟ ማነው?

አድማጭ ከባሕር ዳር፦ ጤና ይስጥልኝ፣ አስጎብኚ ነኝ፣ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስወስዳቸው ቱሪስቶቹ ቢራቢሮ ፎቶ ያነሱና ስሟ ማነው ይሉኛል፣ ብርቱካንማ ናት፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጭ አለበት፣ በቴሌግራም ልኬላችኋለሁ።

መልስ፦ ደርሶኛል ወንድሜ። በዚህ መልክ እኮ ሁለት ዓይነት አለ፣ ሰው የሚምታታበትም እዚህ ጋ ነው። አንደኛዋ ዳናውስ ክሪሲፐስ ናት፣ አባጨጓሬ እያለች የምትበላው ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ ተክል ነው፣ መርዙ ሰውነቷ ውስጥ ስለሚቀር ወፍ ከቀመሳት ያስመልሰዋል፣ ለዛ ነው ማንንም ሳትፈራ ቀስ ብላ የምትበረው። ሌላዋ ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ መርዝ የሚባል የላትም፣ ግን ሴቷ የዚችን ልብስ ለብሳ ስለምትዞር ወፉ ይሸወዳል። ወንዱን ብታየው ደግሞ ዘመዷ ነው አትልም፣ ጥቁር ሆኖ ትልልቅ ነጭ ክብ አለው፣ ዳር ዳሩ ሐምራዊ ያበራል።

መለያው የኋላ ክንፍ ላይ ነው። መሃል አካባቢ ሦስት ጥቁር ነጥብ ካለ ዳናውስ ናት (አራተኛ ከጨመረ ወንድ ነው)፣ ከላይ ጠርዙ ላይ አንድ ብቻ ከሆነ አስመሳይዋ ናት። ያንተ ፎቶ ላይ የኋላ ክንፏን ቅጠል ሸፍኖታል፣ ስለዚህ እቺ ናት ብዬ አልፈርድም። ሁለተኛ ከጎንም አንሱ በላቸው፣ ክንፏን ገጥማ ስትቆም የታችኛው ገጽ ብዙ ይናገራል፣ ሰው ግን ሁሌ ተዘርግታ ስታምር ብቻ ነው የሚያነሳት። ጠዋት ፀሐይ ሳይሞቃት ጠጋ ቢሉ ይሻላል፣ ጥላቸው ካረፈባት በቃ በረረች።

አድማጭ ከጢስ ዓባይ፦ ፌስቡክ ላይ ፏፏቴው ጋ የተነሳ ተብሎ የተለጠፈ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ሰማያዊ ቢራቢሮ አየሁ፣ እኛ ጋ አለ እንዴ?

መልስ፦ የላክሽው ሞርፎ ነው እህቴ፣ ከሜክሲኮ ጀምሮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ነው አገሩ። ጢስ ዓባይ የመጣው ፎቶው ነው።

አድማጭ ከዘጌ፦ ሎሚዬን አባጨጓሬ ጨረሰብኝ ልጄ፣ ትንንሹ የወፍ ኩስ ይመስላል፣ ትልቁ አረንጓዴ ነው፣ ስነካው ቀይ ቀንድ አውጥቶ ይሸታል።

መልስ፦ እማማ፣ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ሲያድግ ነው አረንጓዴ የሚሆነው። ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ይባላል፣ ያ ጥቁርና ቢጫ ትልቁ ቢራቢሮ የሚወጣው ከሱ ነው። ትልቅ ዛፍ ከሆነ ይተዉት፣ ምንም አይሆንም፣ ችግኝ ከሆነ ግን ቅጠሉን ሊጨርሰው ስለሚችል በእጅዎ ለቅመው ትልቁ ሎሚ ላይ ያድርጉት፣ መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም።